ድጋሚ የመሰሉት ሸክላዎች

መስከረም 12፣ ማለዳ
ልብስ ዘፍዝፌያለሁ። የእድሩ ሰዎች በር ላይ ቆመዋል፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። ገባኝ። ልጄ ናሆም። ለሥራ ወደ ሐዋሳ ሲሄድ መኪናው ተገልብጦ። ማስታወሻዬ፣ ዛሬ ከዚህ በላይ አልችልም።

መስከረም 28
ለቀስተኛው ቀለል አለ። እህቴ አልማዝ የናሆምን ክፍል አጸዳች። ልብሱን ለነዳያን ሰጠን። ደግ አደረግን።

ጥቅምት 3፣ ከሰዓት
ቤዛ መጣች፣ ከናሆም ጋር አንድ ት/ቤት ሙዚቃ ታስተምር የነበረችው። የሙዚቃ ሸክላዎቹን ስታገላብጥ ፊቷ ተለወጠ። አስረዳችኝ። ድሮ፣ የሮማንቲክ ዘመን በሚሉት ጊዜ፣ አንድ የፈረንጅ አቀናባሪ ሲምፎኒ የሚባል ረጅም የኦርኬስትራ ሙዚቃ ይጽፋል፣ ይነቅፉታል፣ እንደገና ይጽፋል። ሰው የሚያውቀው የታረመውን ነው። ናሆም ስንት ዓመት የለቀመው ግን መጀመሪያ እንደተጻፉት የተቀዱትን፣ እንደ ልብ የማይገኙትን። ለተማሪዎቹ ሊያሰማ ቃል ገብቶ ነበር። እነዚያ ሸክላዎች ብቻ የሉም።
አልማዝን ጠየቅኳት።
«እቴ፣ ስሙም አንድ፣ ቁጥሩም አንድ! ድጋሚ ነው ብዬ አዳዲሱን አስቀረሁ። አሮጌውን ለወ/ሮ በላይነሽ ሰጠሁት።»
ወ/ሮ በላይነሽ ሽሮ ሜዳ ነጠላ ይሸጣሉ። ነጠላው እንዳይተጣጠፍ ካርቶን ያስገቡበታል። የሸክላው ሽፋን ደግሞ ደህና ካርቶን። ከነጠላው ጋር ተሸጦ ይሆን? ልጄን ሁለተኛ የቀበርኩት መሰለኝ።

ጥቅምት 4
ከአልማዝ ጋር በታክሲ ሄድን። ወ/ሮ በላይነሽ ሲያዩኝ ብድግ አሉ። አንዱን ሸክላ ነጠላ ውስጥ አስገብተው ነበር። ገዢዋ በእጇ መዝና፣ «እትዬ፣ ነጠላ ነው ወይስ ምጣድ?» ብላ ሳቀችባቸው። ሲያወጡት የናሆምን የእጅ ጽሑፍ ሽፋኑ ላይ አዩ።
«የሞተ ልጅ እጅ ያለበትን እንዴት ብዬ ልሽጥ? ይኸው፣ ሁሉም አለ።»
አንድም አልጎደለም። ተመስገን። እዚያው ገበያው መሃል አለቀስኩ። አልማዝም። ስንመለስ ግን ስለ ምጣዱ ሳቅን። ከዚያ ቀን ወዲህ የመጀመሪያ ሳቄ።

ጥቅምት 24
ሐዘን ቤት ሙዚቃ አይከፈትም ብዬ አርባው እስኪወጣ ጠበቅኩ። ዛሬ ቤዛ ከፈተችልኝ። መጀመሪያ የተጻፈው ይንገዳገዳል። ድንገት ይቆማል፣ ሌላ ይጀምራል። የታረመው ያምራል። እኔ ግን ያኛውን ወደድኩ። ሰውየው ገና ማንም ሳይነቅፈው የጻፈውን። ተኛሁ፣ ደህና እንቅልፍ።

ጥቅምት 26
ወስኛለሁ። ሁሉም ለት/ቤቱ ይሁን፣ የመጀመሪያውና የታረመው ሳይለያዩ። ሣጥኑ ላይ የሚለጠፈውን ራሴ ጻፍኩ፣ በክርስትና ስሙ፦
«የምታዳምጡ ሁሉ፣ በየእምነታችሁ ለልጄ ለኃይለ ሚካኤል ጸልዩለት። እናቱ ነኝ። ሳትጸልዩ አትነሡብኝ።»