አንደኛ የወጣችው ግራጫ መኪና

ሰኞ፣ ሰኔ 9። ጠዋት 3፡10

ደብተሬ፣ ከሁሉ በፊት ይህን ያዝልኝ፦ መኪና የለኝም። መንጃ ፈቃድም የለኝም። ሠላሳ አንድ ዓመት ፊዚክስ ሳስተምር የተመላለስኩት በእግሬና በሚኒባስ ነው። ይህን ካልያዝክ የሚቀጥለው አይገባህም።

የደም ግፊት ክኒን ተወሰደ። ጓሮ ያለው ጎመን ውሃ ጠጣ። እጄን ሳልታጠብ ቢኒያም መጣ። የቀድሞ ተማሪዬ፣ 11ኛ ለ። አሁን መካኒሳ የአሉሚኒየም በርና መስኮት ይሠራል፣ የሚኖረው ፉሪ። ከዚህ በኋላ ቢ. እለዋለሁ።

ጉዳዩ፦ ታላቅ ወንድሙ ሁለት የስፖርት መኪና አለው። ሁለቱም አሮጌ፣ የነዳጅ መኪና ማስገባት ከመከልከሉ በፊት የገቡ። አንዷን ለቢ. ሊሰጠው ነው፣ ሌላዋን ሊሸጥ። ቀይዋ ሞተሯ ከፊት ነው። ግራጫዋ ሞተሯ ከመቀመጫው ጀርባ፣ ከኋላ ጎማዎቹ ቀደም ብሎ፤ መሃል ማለት ነው። ቢ. በየቀኑ ሥራ ሊሄድባት ነው። የትኛዋ ትሻላለች? የሚጠይቀው እኔን ነው። እኔን!

ደነገጥኩ። መካኒክ ጠይቅ አልኩት። መካኒክማ ጠይቄያለሁ አለ፤ እርስዎ ያሉትን ነው የምነዳው። የሚሽከረከረውን ወንበር አስታወሰኝ። በሁለት እጁ ጡብ አስይዤ ክፍሉ ፊት አሽከርክሬው ነበር። እጁን ወደ ደረቱ ሲሰበስብ ፈጥኖ ዞረ። ክብደት ወደ መሃል ሲሰበሰብ መዞር ይቀላል። ከሃያ ዓመት በኋላ ቃል በቃል ደገመልኝ። ደስ አለኝ፣ አልዋሽህም።

እሺ አልኩ።

ረቡዕ፣ ሰኔ 11። ከሰዓት 9፡00

መካኒሳ፣ የከድር ጋራዥ። ከድር የቢ. መካኒክ ነው፣ ሃምሳ ዓመት የሚሆነው፣ እየሠራ የሚያወራ። መኪኖቹ ጎን ለጎን ቆመዋል። መነጽሬን ጠርጌ ከግራጫዋ ጀመርኩ። ኮፈኑን ከፈትኩ።

ባዶ። ጥልቅ ሳጥን፣ ጥግ ላይ አንድ ክሪክ። ሌላ ምንም የለም።

ሞተሩ ተሰርቋል ብዬ ጮህኩ። ሞተሩ ከኋላ መሆኑን ከሰኞ ጀምሮ አውቃለሁ፣ ጽፌዋለሁም። ዓይኔ ግን ያየው ባዶ ኮፈን ነው። ከድር መፍቻውን ጥሎ ሳቀ።

«ቲቸር፣ ፖሊስ አይጥሩ! ሞተሩ ከወንበሩ ጀርባ ነው።»

ከዚያ ቁም ነገር ነገረኝ። ቀይዋ ላይ የሞተሩን ካንዴላ መቀየር ሻይ እየጠጡ ነው። ግራጫዋ ላይ መቀመጫ ይነሳል፣ ሽፋን ይነሳል፣ ከዚያ በኋላም «እጄ ቀርቶ ጸሎቴም አይገባም»። አንድ ነገር ደግሞ ጨመረ፦ ሁለቱም ሲንሸራተቱ የሚይዝ ዘመናዊ መቆጣጠሪያ የላቸውም። ሹፌሩ ነው የሚይዛቸው። ጻፍኩ። ከስሩም አሰመርኩበት።

እዚያው ጋራዡ ውስጥ ቁጭ ብዬ ሮስተር አዘጋጀሁ። ዐሥር የትምህርት ዓይነት፣ እያንዳንዱ ከመቶ። እይታ፣ ፍሬን፣ መታጠፍ፣ የክብደት ሚዛን፣ የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ፣ ኮብልስቶን፣ መግቢያና መውጫ (ጉልበቴ ይመሰክራል)፣ ዕቃ፣ ጥገና፣ ድንጋጤ።

የመጨረሻውን ቢ. አልወደደውም። ድንጋጤ የትምህርት ዓይነት ነው ወይ አለ። በዚህ ከተማ ዋናው ነው አልኩት።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 14። ከሰዓት 11፡30

ፈተና ቀኑን ሙሉ። ወገቤ የለም።

ባለቤቴ አስቴር አጋጣሚውን አላሳለፈችም፤ ከፉሪ ገበያ ቅቤና ሽንኩርት እንድናመጣ አዘዘች። ዕቃ ለሚለው ፈተና ይጠቅማል ብዬ ተቀበልኩ።

ሐና ማርያም አካባቢ ያሉት ጉብታዎች፦ ቀይዋ ረጅም አፍንጫዋን ሁለቴ ፋቀች። ግራጫዋ አፍንጫዋ አጭር ነው፣ አንዴ ብቻ። መታጠፍ፦ ግራጫዋ ሰው ያሰበውን ቀድማ የምታውቅ ትመስላለች። ከፊት መስታወቱ ስር ያስቀመጥኩት ጎድጓዳ ሳህን ውሃ ቢፈስም እኩል ነው የፈሰሰው። ቀይዋ ላይ ወደ አንድ ጎን ተደፋ። ወደ ኋላ ማየት፦ ከግራጫዋ ውስጥ የሚታየው ሞተሩና የሰማይ ቁራጭ ነው። አንድ ሙሉ ሚኒባስ ጠፍቶብን በጥሩምባ ነው ያገኘነው።

ቅቤው። ስህተቱ የእኔ ነው። ፊት ያለው ሳጥን በሽንኩርት ስለሞላ ቅቤውን ከኋላ፣ ከሞተሩ ቀጥሎ ባለችው ጠባብ ዕቃ መጫኛ አኖርኩት። ቤት ስንደርስ ዘይት ሆኗል። አስቴር ክዳኑን ከፍታ ለረጅም ጊዜ አየችው። «ይኸው ፊዚክስህ ቅቤዬን አነጠረው» አለች። ቢ. እስኪያስለው ሳቀ።

ድንጋጤን የፈተንኩት ፉሪ፣ የቢ. ጓደኛ ጠጠር በሚያራግፍበት ሰፊ ግቢ ነው። ትእዛዜ ቀላል ነበር፦ እየታጠፍክ ሳለ ሳጨበጭብ እግርህን ከነዳጁ በድንገት አንሳ። ቀይዋ፦ አፍንጫዋ ወደ ውጭ ገፋ፣ ጎማዋ አጉረመረመ፣ ፍጥነቷ ቀነሰ። ግራጫዋ፦ አጨበጨብኩ፣ ከዚያ የት እንዳለን አላውቅም። ጭራዋ ቀደመን። ራሴ መስታወቱን መታ። አቧራው ሲበተን በመጣንበት በኩል ዞረን ቆመናል።

ቢ. እንደ ልጅ ደስ አለው። አንድ ጊዜ እንድገም አለ። እምቢ አልኩ። 35 ጻፍኩ። ለቀይዋ 80።

እሁድ፣ ሰኔ 15። ጠዋት 4፡00

ከቅዳሴ መልስ ደመርኩ። ሦስት ጊዜ ደመርኩ።

ግራጫ፦ ድምር 742፣ አማካይ 74.2። ቀይ፦ ድምር 731፣ አማካይ 73.1።

ግራጫዋ አንደኛ። በወፍራም ወረቀት ላይ እንደ ተማሪ ካርድ ገልብጬ ጻፍኩ፣ ደረጃዋንም አስገባሁ። ከታች የድሮዋን ዓረፍተ ነገር፦ ወደሚቀጥለው ክፍል ተዛውራለች። ፈረምኩ።

አስቴር ካርዱን አንብባ ጣቷን 35 ላይ አሳረፈች። ይሄስ አለች። በአማካይ አልፋለች አልኩ። ካርዱን መልሳልኝ ወደ ማጀት ገባች።

ቢ. መጥቶ ካርዱን በሁለት እጁ ተቀበለ፣ ጎንበስ ብሎ። ፎቶ አንስቶ ለወንድሙ ላከ። ግራጫዋ ዛሬውኑ ቤቱ ትገባለች። ለቀይዋ ገዢ ተገኝቷል፤ የሚቀጥለው እሁድ 4 ሰዓት መጥቶ ይወስዳታል።

ጡረታ ከወጣሁ እንዲህ ያለ እሁድ አላየሁም።

ሐሙስ፣ ሰኔ 19። ከሰዓት 11፡40

ቸኩዬ ነው የምጽፈው። ጽሑፉ ካልተነበበልህ ይቅርታ።

ዝናቡ 9 ሰዓት ላይ ጀመረ። 10 ተኩል ላይ ስልክ። ቢ. ነው። ድምፁ ቀጭን፣ የ11ኛ ክፍል ድምፁ።

ከባለቤቱ ከትዕግስት ጋር ከሐኪም ሲመለሱ ነበር። ትዕግስት የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ናት። ከላፍቶ ወደ ፉሪ በሚወስደው መንገድ፣ ቁልቁለቱ ላይ ካለው መታጠፊያ። አስፋልቱ ርጥብ። ፊታቸው ያለ ሚኒባስ ሰው ለመጫን ቀጥ ብሎ ቆመ። ቢ. ደነገጠ። እግሩን አነሳ።

ዞረች። ሙሉ አንድ ዙርና ግማሽ ይላል። የቆሙት ፊታቸውን ወደሚመጣው መኪና አዙረው ነው። ሲኖትራክ እየመጣ ነበር። ሹፌሩ መሪውን ወደ ቦዩ ጠመዘዘ። ክንድ የማይሞላ ነው በመሃላቸው የቀረው።

ማንም አልተጎዳም። ትዕግስት ተመልሳ ሐኪም ዘንድ ገባች፤ ልጁ ደህና ነው ተብሏል። ማንም አልተጎዳም። ሁለቴ ጻፍኩት፣ እወቅልኝ።

ግን ያስደነገጠኝ እሱ ብቻ አይደለም። የሚቀጥለው ነው። ይቅርታ ጠየቀኝ። ቢ. እኔን! «ጥፋቱ የእኔ ነው ቲቸር፣ አነዳዴ ነው። መኪናዋማ አንደኛ ናት።»

መቀመጫ ፈልጌ ተቀመጥኩ።

ዓርብ፣ ሰኔ 20። ጠዋት 1፡15

እንቅልፍ የለም። ሮስተሩን አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁ። የድምር ስህተት ፈለግኩ። ስህተት ቢገኝ እንዴት ደስ ባለኝ። የለም። 742 ትክክል ነው። 731ም።

ስህተቱ መደመሩ ራሱ ነው።

ሠላሳ አንድ ዓመት እንዲህ ሠራሁ። በአንድ ትምህርት 35 ያመጣ ልጅ በሌሎቹ ይካካስለትና በአማካይ ያልፋል። ለልጅ ደግ አሠራር ነው፤ ባዮሎጂው ሂሳቡን ያነሳለታል። በመንገድ ላይ ግን የመታጠፍ 98 የድንጋጤን 35 አያነሳም። እንደውም ሁለቱ አንድ ነገር ናቸው፤ ቶሎ የምትታጠፍ ቶሎ ትዞራለች። ሁለት ማርክ አድርጌ ጽፌ፣ በአንዱ ሸለምኳት፣ በሌላው አዘንኩላት።

ሌላም ትዝ አለኝ። ወንበሩ። ቢ. ጡቦቹን ወደ ደረቱ ሲሰበስብ ፈጥኖ ዞረ፣ እውነት ነው። ከዚያስ? ወደቀ። ክፍሉ ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፣ ተነስ፣ አቧራህን አራግፍ፣ ቦታህ ግባ አልኩ። ደወሉ ተደወለ። መውደቁን ጥቁር ሰሌዳ ላይ አልጻፍኩትም። እሱ የያዘው እኔ የጻፍኩትን ነው።

ከሰዓት 10፡00

ፉሪ ሄድኩ። ቢ. ሥራ ላይ ነው። ትዕግስት ሶፋው ላይ ጋደም ብላለች። ልትነሳ ስትል ከለከልኳት። ሙዝ ይዤ ሄጄ ነበር፣ የት እንደማስቀምጠው ጠፋኝ። ካርዱ ቴሌቪዥኑ አጠገብ በመስታወት ተሰቅሏል። በመስታወት!

ይቅርታ ለመጠየቅ ጀመርኩ። አላስጨረሰችኝም። አልተቆጣችም፣ ይህ ባሰብኝ።

«ቲቸር፣ ባሌ ከእርስዎ አፍ የወጣ ነገር አይጠራጠርም። እኔ ብናገር ፈሪ እባላለሁ። ያወጡት እርስዎ ነዎት፣ እርስዎ ያውርዱልን።»

ሰኞ የሐኪም ቀጠሮ አላት። በዚያችው መኪና።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 21። ከሰዓት 8፡20

ጠዋት ጋራዡ ውስጥ ቢ.ን አገኘሁት። ከድርም አለ። ግልጽ አድርጌ ተናገርኩ፦ ቀይዋን ውሰድ። ለየቀኑ መንገድ ሞተሯ ከፊት የሆነችው ትሻልሃለች። አፍንጫዋ ይፋቃል፣ ሚዛኗ ያንሳል። ግን ቀይዋ መስመር ልትስት ስትል ታስጠነቅቃለች፣ ታጉረመርማለች፣ ጊዜ ትሰጣለች። ግራጫዋ የምትናገረው ካለፈ በኋላ ነው። ግራጫዋ መጥፎ አይደለችም፤ እግሩ ለማይደነግጥ ሹፌር፣ ለባዶና ለደረቅ መንገድ ነች። ያ መንገድ ከፉሪ መካኒሳ የለም።

ከድር ራሱን ነቀነቀ። «እኔ ብል ኖሮ ለካንዴላው ሰንፎ ነው ትለኝ ነበር» አለው።

ቢ. ፈገግ አለ። ቲቸር አዝነውልኝ ነው አለ። እለማመዳለሁ፣ እግሬን አስተምረዋለሁ አለ። ካርዱ እንደሆነ ካርድ ነው፣ እርስዎ ማርክ ቀይረው አያውቁም አለ።

እውነቱን ነው። ስንት ወላጅ በር ላይ ቆሞ ለምኖኝ አንድ ማርክ ቀይሬ አላውቅም። የምኮራበት ነገር ነበር። ዛሬ ግንብ ሆኖ ፊቴ ቆመ።

ከዚያ ፉሪ መስኮት ሊገጥም ሄደ። ስልኩ አይነሳም። ገዢው ነገ 4 ሰዓት ይመጣል።

ከሰዓት 10፡50

አስቴር ሻይ አምጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ነግሬህ ነበር አላለችም። አንድ ጥያቄ ብቻ፦ ካርዱ ላይ የፈረመው ማነው? እኔ። እንግዲያው የሚሰርዘውም አንተ ነህ።

ቀይ እስክሪብቶ ፈለግኩ። ጡረታ ስወጣ መሳቢያ ውስጥ የጣልኩት፤ ሦስቴ አራገፍኩት፣ ጻፈ። አዲስ ካርድ ሠራሁ። ድምር የለም። አማካይ የለም። ደረጃ የለም። ዐሥሩ ማርክ ብቻ፣ 35 ተከብቦ። ከስሩ፦ ወድቃለች። ፈረምኩ። እንዲህ ያለ ከባድ ፊርማ ፈርሜ አላውቅም።

ፎቶ አንስቼ በቴሌግራም ላክሁለት። አስቴር አሳየችኝ፣ የላክሁት እኔ ነኝ። ከፎቶው ስር የጻፍኩትን ቃል በቃል እዚህ እገለብጣለሁ፦

«ቢኒያም ልጄ፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ማርክ አርሜያለሁ። አዝኜልህ አይደለም። ተሳስቼ ነው። ድንጋጤ ላይ የወደቀች መኪና በአማካይ አታልፍም። ወንበሩ ላይ በዞርክ ቀን ወድቀህም ነበር፤ ያንን ሰሌዳው ላይ አልጻፍኩልህም፣ አሁን ጽፌዋለሁ። በመስታወት የሰቀልከውን አውርድ። ለወንድምህ ደውል፣ ገዢው ግራጫዋን ይይ፣ ጠባይዋንም ሳትደብቁ ንገሩት። ትዕግስት ሰኞ በቀይዋ ትሂድ። ይህን እንዳነበብክ፣ ከነገ 4 ሰዓት በፊት፣ ከቻልክም አሁኑኑ መልስ ጻፍልኝ። ስልኩን ይዤ ተቀምጫለሁ።»