አንዲት «ኦ» ጎድላለች ላሉኝ የማስረጃ ማረጋገጫ ኃላፊ

ለክቡር አቶ ሊካንዶ ኢማሲኩ
የጤና ባለሙያዎች ማስረጃ ማረጋገጫ ክፍል ኃላፊ
ሉሳካ

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ እርስዎን፣ ባለቤትዎንና ከጠረጴዛዎ ላይ የማይለየውን ክብ ማኅተም በሙሉ ጤንነት እንዲያገኛችሁ እመኛለሁ። ስለ ጤናዎ የምጠይቀው ለወግ ያህል እንዳልሆነ እርስዎ ያውቃሉ፤ የማያውቁ አንባቢዎችም ዝቅ ብለው ያገኙታል። ደብዳቤውን ግልጽ ያደረግሁት በፖስታ አሽጌ ብልከው የላኪዋ ማንነት እስኪጣራ ሳይከፈት ይከርማል ብዬ ስለሰጋሁ ነውና ድፍረት አይሁንብኝ።

እኔ ቾልዌ ሃማውንዱ እባላለሁ። ከሞንዜ ከተማ ወጣ ብላ በምትገኝ ጤና ጣቢያ ለአሥራ አራት ዓመታት በነርስነትና በአዋላጅነት ሠርቻለሁ። ባለፈው ዓመት በሰሜን ስኮትላንድ የሚገኝ አንድ ሆስፒታል ፈተናውን ሁሉ ካለፍኩለት በኋላ ሥራ ሰጠኝ። የቀረው ነገር ቢኖር በገዛ አገሬ ነርስ መሆኔን የምትገልጽ፣ ከእርስዎ ክፍል የምትጻፍ አንዲት ገጽ ነበረች፤ እሷም እስከ ኦገስት መጨረሻ መድረስ ነበረባት። መጀመሪያ ቢሮዎ የመጣሁት በፌብሩዋሪ ስለነበር ስድስት ወር ለአንድ ገጽ ይበቃል ብዬ አሰብኩ። ያን ጊዜ እርስዎን አላውቅዎትም ነበር።

አንደኛው ቅሬታዬ ስሜን ይመለከታል። ቾልዌ በእኛ በቶንጋዎች ቋንቋ ዕድል ማለት ሲሆን በላቲን ፊደል በደንብ ሲጻፍ ሁለት «ኦ» አለው። ዲፕሎማዬን የጻፈው ሰው አንዷን ዘሏታል። እርስዎ ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አስቀምጠው ረዘም ላለ ጊዜ ካዩ በኋላ፣ «እህቴ፣ ፓስፖርቱ የአንዲት ሴት ነው፣ ዲፕሎማው ደግሞ የሌላ ሴት» አሉኝ። «ጌታዬ፣ ሁለቱም እኔ ነኝ» ብልዎ፣ «ሁለታችሁም እንደዚሁ ነው የምትሉት» ብለው መለሱልኝ። ፍርድ ቤት ቀርቤ ሁለታችንም አንድ ሴት መሆናችንን በመሐላ አረጋግጬ እስክመለስ ድረስ ስድስት ሳምንት ሄደ። በእነዚያ ሳምንታት ራሴን በመስታወት ባየሁ ቁጥር «የትኛዋ ነሽ?» ማለት ጀምሬ ስለነበር፣ በኋላ ውሳኔው የአእምሮ ዕረፍት ሰጥቶኛልና አመሰግናለሁ።

ሁለተኛው ቅሬታዬ ምስጥን ይመለከታል። የተማርኩበት የነርሶች ትምህርት ቤት ከተዘጋ ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል፤ እርስዎም የተመራቂዎችን መዝገብ ዋናውን ካላየሁ አሉ። ሄጄ መጋዘኑን አስከፈትኩ። መዝገቡ አለ፤ ውስጡ ግን የለም። ምስጥ ከእኔ ስም ብቻ ሳይሆን ከእኔ በፊት በነበሩት ሰባት ዓመታት ከተመረቁትም ምንም አላስተረፈም። የቀረውን ሽፋን በጨርቅ ጠቅልዬ እንደ ጨቅላ አቅፌ አመጣሁልዎ። አገላብጠው አይተው፣ «ምስጥ ለመብላቱ ማስረጃ አለሽ?» አሉኝ። ቀዳዳዎቹን አሳየሁዎ። «ይሄማ ቀዳዳ ነው» አሉኝ፤ «ምስጡ የታለ?»

የዚያን ዕለት ስወጣ ደግሞ፣ «ቆይ፣ ለመሆኑ አገርሽን ጥለሽ የምትሄጂው ምን ጎድሎብሽ ነው?» ብለው ጠይቀውኛል። ከኋላዬ ሠላሳ ሰው ተሰልፎ ስለነበር አልመለስኩም፤ አሁን ልመልስ። ባለፉት አራት ዓመታት ጊዜያቸው ሳይደርስ የተወለዱ ሰባት ሕፃናትን ደረቴ ላይ ለጥፌ አምቡላንስ ጠብቄያለሁ። ሦስቱ ዛሬ ዶሮ ያሯሩጣሉ። እኔ የምሄደው ስለ አራቱ ነው። እንዲህ ያሉ ሕፃናት የሚተርፉበት ክፍል አለ ሲባል ሰምቻለሁ፤ እዚያ ቆሜ በእጄ ሠርቼ መማር ፈለግሁ።

ሦስተኛው ቅሬታ ብዬ ልጽፈው የነበረውን ግን በኋላ ሳስበው የሕይወቴ ትልቁ ስጦታ ሆኖ አገኘሁት። በጁላይ መጨረሻ፣ «እንግዲያው ያስተማረሽ ሰው በአካል ቀርቦ ይመስክር» አሉኝ። ይህን ሲሉ ፈገግ ብለው ነበር፤ መምህሮቼ ሁሉ አፈር የለበሱ መስሎዎት ይሆናል። ሲስተር ዶርካስ ሙንሳካን አላወቋቸውም።

ሲስተር ዶርካስ ሰማንያ ሦስት ዓመታቸው ነው። አራት መቶ አሥራ ሁለት ነርሶች አስተምረው ጡረታ ከወጡ በኋላ በግዌምቤ ሸለቆ ፍየል ያረባሉ። በአውቶቡስ፣ ቀጥሎም በጭነት መኪና፣ በመጨረሻም በእግሬ ሄጄ ጉዳዬን ስነግራቸው ፍየሎቹን ውኃ ማጠጣታቸውን አላቆሙም።

«ማነው እኔ አስተምሬ ያስመረቅኋትን የሚጠራጠር?» አሉ።

«የክፍሉ ኃላፊ ናቸው፣ አቶ ኢማሲኩ።»

«ሎዚ ነዋ» አሉ፤ ፊታቸው በራ። የቶንጋና የሎዚ ነገድ ሰዎች በተገናኙበት፣ እኛ እነሱን በዓሣቸው እነሱ እኛን በላሞቻችን፣ ያለ ቂም መተራረብ ከአያቶቻችን የወረስነው መብት ስለሆነ፣ እሳቸው ደግሞ በሸለቆው ውስጥ የሚተርቡት ሎዚ ካጡ ዘመን ስላለፋቸው፣ ጥቁር ቦርሳቸውን አንሥተው ከእኔ ቀድመው መንገድ ገቡ።

ኦገስት ሃያ ሰባት ቀን ጠዋት ቢሮዎ ደረስን። ሲስተር ዶርካስ ወረፋውን ሰንጥቀው ጠረጴዛዎ ፊት ተቀመጡና፣ «አንተ የዓሣ በላ ልጅ፣ እንዴት አድረሃል?» አሉዎ። እርስዎም አላፈሩም፤ «ደህና ነኝ እማማ፤ እናንተስ ላሞቻችሁን ለማን አደራ ሰጥታችሁ መጣችሁ?» አሉ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ነበር። እርስዎ ግን መለስ ብለው፣ «ይቅርታ ያድርጉልኝና እማማ፣ እርስዎስ ራስዎ ነርስ ለመሆንዎ ማስረጃ ይዘዋል?» ሲሉ ሳቁ ቀጥ አለ።

ሲስተር ዶርካስ አልተቆጡም። እኔ ሃፍረት አንገቴን ሲያስደፋኝ እሳቸው ፊትዎን ነበር የሚያዩት።

«ልጄ፣ ወረቀቱን ሁሉ ወደ ቀኝ ዓይንህ ነው የምታስጠጋው። ግራው ከመቼ ወዲህ ነው የሚያጨናብስህ?»

«ከእሁድ ጀምሮ» አሉ፣ ሳያስቡት።

«ራስ ምታትስ?»

«እሱማ የቆየ ነው።»

«ቾልዌ፣ ተነሺ» አሉኝ፤ የደም ግፊት መለኪያውን ከቦርሳቸው አውጥተው። «አስተምሬሽ እንደሆን አሁን ይታያል።»

የቀኝ ክንድዎን ለካሁ፤ አላመንኩም። የግራውን ለካሁ፤ ባሰ። ቁጥሩን እዚህ አልጽፍም፤ የታካሚ ምስጢር ነው። ይሁን እንጂ «መሣሪያችሁ የተበላሸ ነው» ብለው ስለተከራከሩ ሲስተር ዶርካስ የበሩን ዘበኛ ጠርተው አስለኩት። «የዘበኛው ደህና ነው» አሉ፤ «የተበላሸኸው አንተ ነህ። ሐኪም ቤት፣ አሁኑኑ።» እርስዎም መሳቢያዎን ሳይቆልፉ እንደማይነሡ ተናግረው ሁለት ጊዜ ቆለፉት።

ታክሲ ውስጥ ከኋላ መካከላችን አስቀመጥንዎ። መንገድ ላይ ቁልፉ ከቀኝ እጅዎ ወደቀ። አንሥቼ ሰጠሁዎ፤ እንደገና ወደቀ። ጣትዎ አልታዘዝ አለዎት፤ ምላስዎም ከበደ። የዚያን ጊዜ ስለ ወረቀቴ አላሰብኩም ብል እዋሻለሁ። «ይህ ሰው ከሞተ ማን ይፈርምልኛል?» የሚል ሐሳብ ሽው ብሎብኛል፤ ይቅር ይበሉኝ። ወዲያው ግን አየት ሲያደርጉኝ በዓይንዎ ውስጥ ያየሁት ፍርሃት የማውቀው ነበር፤ የመጀመሪያ ልጇን የምታምጥ ሴት እንዲሁ ታያለች። ለእሷ የምላትን ለእርስዎም አልኩዎ፦ «እኔ አለሁ። ወደ እኔ ይዩ። ይተንፍሱ።» እርስዎም እስከ ሆስፒታሉ በር ድረስ በግራ እጅዎ ክንዴን ጨብጠው ያዙ። አንድም ማስረጃ አልጠየቁኝም።

ሐኪሙ አንድ ሰዓት ብትዘገዩ ኖሮ እጁ አይመለስም ነበር አለን። በሦስተኛው ቀን ባለቤትዎ ንሺማ የምንለውን የበቆሎ ገንፎና ጨው ያልነካው ዓሣ፣ ከሥሩም በፎጣ የተጠቀለለ ማኅተም ይዘው መጡ። አልጋዎ ላይ ተደግፈው የእኔን ገጽ ጻፉ። እጅዎ ይንቀጠቀጥ ነበር። «ስንት ኦ ነበር?» አሉኝ። «ሁለት» አልኩዎ። የጻፉት ሦስት ነው። እኔም ማኅተሙ ሳይደርቅ ይዤ ሮጥኩ።

ስኮትላንድ ያሉት የምዝገባ ሠራተኛ ወረቀቱን ሲያዩት፣ «አንዷ ኦ የእጅ ስህተት ትመስላለች» አሉና አርመው አለፏት። በእርሳስ፣ ክቡር ሆይ። ስድስት ሴኮንድ አልፈጀም።

ስሄድ ሲስተር ዶርካስ አውቶቡስ ተራ ድረስ ሸኙኝ። «ካስተማርኳቸው ውስጥ ስንቱ እዚህ እንደቀረ ታውቂያለሽ?» ሲሉኝ ይወቅሱኛል ብዬ አንገቴን ደፋሁ። «ሂጂ» አሉኝ፤ «ልሂድ ያለችን አስሬ አላውቅም። ብቻ እዚያም እጅሽን ስትታጠቢ እኔ አጠገብሽ የቆምኩ ይመስል ታጠቢ።» እንደዚያው አደርጋለሁ። ጊዜያቸው ሳይደርስ የመጡ ሕፃናት ባሉበት ክፍል ተመድቤያለሁ፤ ትንሿ ታካሚዬ ስትወለድ ከአንድ ጥንድ ጫማ ትቀል ነበር። ትናንት እናቷ ይዛት ወደ ቤቷ ሄደች፤ እኔም ኮሪደሩ ላይ ወጥቼ ጥቂት አለቀስኩ። በስኮቶች ዘንድ ይህ የሚያሳፍር ይመስላል፤ ሁለት ባልደረቦቼ ግን ሻይ አምጥተውልኛል።

እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ ለስድስት ወር ስላመላለሱኝ አመሰግናለሁ፤ እዚህ ማንም ሰው በማንኛውም ጉዳይ ሲያስጠብቀኝ ገና የመጣሁ ይመስለኛል። ነርስ መሆኔን ስለተጠራጠሩም አመሰግናለሁ፤ ባይጠራጠሩ ሲስተር ዶርካስ ሉሳካ አይመጡም፣ እሳቸው ባይመጡ ደግሞ ዛሬ ይህን ደብዳቤ ሌላ ሰው ያነብልዎ ነበር። ክኒኑን ጠዋት ጠዋት ሳያቋርጡ ይዋጡ። ደህና ነኝ ብለው እንዳይተዉት፤ ደህና የሆኑት ስለዋጡት ነው።

የእርስዎን ዕድሜና ጤና ከማኅተሙ ቀለም አስበልጣ የምትመኝ፣ በአክብሮት ዝቅ ብላ እጅ የምትነሳ፣ ነርስነቷ በአልጋ ላይ የተፈረመላት፣
ቾልዌ ሃማውንዱ

ማስታወሻ፦ ከጤና ጣቢያችን ከወጣሁ አምስት ወር ሆነ። በቦታዬ የተመደበችው አዋላጅ ቺፔጎ ሙዴንዳ ትባላለች፤ ጎበዝ ናት። ሻንጣዋን ካዘጋጀች ከረመች፤ እስካሁን ሥራ ያልጀመረችው ማስረጃዋ ክፍልዎ ውስጥ በመጣራት ላይ ስለሆነ ነው። ውጭ አገር ልሂድ አላለችም፤ ሞንዜ ልሂድ ነው ያለችው። እናቶቹን እስኪጣራ ታገሡ ብለን ለምነናቸው ነበር፤ ነገር ግን ባለፈው ወር ብቻ አሥራ ዘጠኙ ሳይታገሡ ወልደዋል።