ግራ እጄና ዳማው ፈረስ

ጥቅምት 4
ሾርባ ጠጣሁ። ሸሚዜን በአንድ እጅ ስቆልፍ አንዱ ቁልፍ ተዛነፈ። ልጄ ሳታየኝ ፈትቼ ደገምኩት።
ሐኪሙ "ግራ እጅሽን አለማምጂው፣ የሆነ ነገር ጻፊ" ስላለ ነው ይህን ደብተር የያዝኩት። ዶሮ የጫረው ይመስላል። ሠላሳ አንድ ዓመት ታፔላ የጻፈች ሴት... የፋርማሲው፣ የፀጉር ቤቱ፣ የጋራዡ፣ የዚህ ሰፈር ግማሹ ጽሑፍ የእኔ ነው። ስትሮኩ ከመታኝ አራት ወር ሆነ። ቀኝ እጄ ጭኔ ላይ ተጋድማ እንደ እንግዳ ታየኛለች። ምላሴም ይጎተታል።

ጥቅምት 9
ልጄ ሰው ይዛ መጣች፣ ወርክሾፑን ሊያይ። "እማዬ፣ ተዘግቶ ከሚቀመጥ ቢከራይ አይሻልም?" ሰውዬው መሰላሎቼን በእግሩ ነካ ነካ አደረጋቸው።
"አል..." አልኩ።
"አልችልም ማለቷ ነው" አለችው ልጄ።
አልሰጥም ልል ነበር። ሰው ሁሉ ዐረፍተ ነገሬን ይጨርስልኛል። ሁሉም አበላሽቶ። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል፣ አሉ።

ጥቅምት 10
ዛሬ ማንንም አላናገርኩም።

ጥቅምት 15
ከወርክሾፑ ጀርባ ባለው ሜዳ ላይ ፈረስ ቆሟል። ዳማ ነው፣ ቀላ ያለ ቡናማ፣ ግንባሩ ላይ ነጭ አለው። ጀርባው ተልጦ ዝንብ ወርሶታል። የፊት ግራ እግሩን መሬት አያስነካም። አውቀዋለሁ... የጎረቤታችን የባለጋሪው ነው። ስንት ዓመት ሲሚንቶ ጎተተ?
ባለጋሪው በበራችን ሲያልፍ በጣቴ አሳየሁት። ገባው።
"እሱማ አለቀለት እትዬ። ሌላ ገዝቻለሁ። አንድ ቀን ይወድቃል፣ ይገላገላል።"
ይገላገላል አለ። ሲለው እኔን ያየ መሰለኝ።

ጥቅምት 16
በባልዲ ውሃ ወሰድኩለት። ግማሹ መንገድ ላይ ቀሚሴን አጠበው። የቀረውን ጠጣ።
"አይ... ዞ... ህ" አልኩት። ይህቺን አንዲት ቃል ለመጨረስ ስንት ጊዜ ፈጀብኝ? ጆሮውን ወደ እኔ አዙሮ ጠበቀ። አልጨረሰልኝም።

ጥቅምት 22
"ራስሽን ማስታመም አቅቶሽ ፈረስ ታስታምሚያለሽ? ሰው ምን ይላል?" ልጄ ናት።
ሰው ያሻውን ይበል።
አንዲት የእንስሳት ሐኪም አስጠራሁ። ልጅ እግር ናት፣ ቦት ጫማዋ ከእሷ ይበልጣል። እግሩን አንስታ ሰኮናው ውስጥ የተሰነቀረ ሚስማር ነቀለች። መግሉ ፈሰሰ። "ይድናል እናቴ። ግን ቁስሉን በየቀኑ በጨው ውሃ ማጠብ አለ፣ መቦረሽ አለ፣ ቀስ አድርጎ ማራመድ አለ። ማን ያደርገዋል?"
"እ... ኔ።"
እጄን አየች፣ ልጄን አየች። ከቦርሳዋ ብሩሽ አውጥታ ከቀኝ መዳፌ ጋር በፋሻ አሰረችልኝ። ሁለቱ ሲተያዩ እንዳላየሁ ሆኜ መቦረሽ ጀመርኩ። ፈረሱን ቦራ ብየዋለሁ፣ በግንባሩ ነጭ ምክንያት።

ኅዳር 3
ማለዳ ማለዳ ሜዳውን እንዞራለን። ሁለት አንካሶች። ጤዛው ጫማዬን ያርሰዋል። ወንዙ ዳር ካሉት ዛፎች ላይ ደረታቸው ቢጫ የሆነ ወፎች ይወርዳሉ። ዕድሜዬን ሙሉ ቀለም ሳቀላቅል ያንን ቢጫ አግኝቼው አላውቅም። ነገ ደግሜ አየዋለሁ።
ለቦራ ስለ ሟቹ ባሌ አወራሁለት። ሙሉውን። ሰው ቢሆን ኖሮ ገና ሠርጋችን ጋ ሳልደርስ አቋርጦኝ ነበር።

ኅዳር 8
ፋሻውን ስፈታ የቀኝ አውራ ጣቴ ተንቀሳቀሰች? አዎ። ለሐኪሙ አልነገርኩትም። ለጊዜው የግሌ ናት።

ኅዳር 12
ከወርክሾፑ አሮጌ ቆርቆሮና ጥቁር ቀለም አወጣሁ። ቦራን በግራ እጄ ልስለው። አንገቱ የግመል ሆነ። ደገምኩ። እግሮቹ አምስት ሆኑ፣ ብቻዬን ሳቅሁ። ደግሜ ደገምኩ... ስድስተኛው ላይ አንዲት መስመር ልክ መጣች። የጀርባው መስመር፣ ቁስሉ ያለበት። ቀኝ እጄ ጤነኛ ብትሆን ይህችን መስመር አትስላትም ነበር። እሷ ነገር ማሳመር ታበዛለች። ግራዋ ማሳመር አታውቅም።
አለቀስኩ። ይለፍ።
ከዛሬ ጀምሮ ቁስሉ እስኪደርቅ በየሳምንቱ እስለዋለሁ።

ታኅሣሥ 19
ባለጋሪው መጣ፣ ልጓም ይዞ። "እግዜር ይስጥልኝ እትዬ፣ አድነውልኛል። ፈረሴን ልውሰድ።"
ቦራ ጆሮውን ወደ ኋላ አጣጠፈ። ልጄ ከኋላዬ "እማዬ ስጪው፣ የሰው ንብረት..." ስትል እጄን አነሳሁባት። ቀኙን። እስከ ደረቴ ብቻ ተነሳች።
"አንተ... ጣልከው። ይገላ... ይገላገላል... አልክ። አጠብኩት። አበላሁት። ጀርባው... ሲድን... ልትጭንበት መጣህ?"
ምራቄ ወረደ። በእጅጌዬ ጠርጌ ቀጠልኩ።
"ወይ... ፍንክች።"
"የእኔ ለመሆኑ ሰፈሩ ምስክር ነው" አለ። እውነቱን ነው። ጎረቤቱም ጫጫታ ሰምቶ ወጥቷል።
ወርክሾፕ ገብቼ ቆርቆሮዎቹን አንድ በአንድ አወጣሁ። ልጄ ልታግዘኝ ስትል እንቢ አልኩ። አጥሩ ላይ ደረደርኳቸው። የመጀመሪያው ላይ ቁስሉ መዳፍ ያህላል፣ የጎድን አጥንቱ ይቆጠራል። ከዚያ እያነሰ ይሄዳል። ባለጋሪው የመጀመሪያው ቆርቆሮ ፊት ቆሞ ቀረ።
"እንዲህ ነበር እንዴ?" አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።
"እንዲህ... ነበር።"
ልጓሙን ትከሻው ላይ ጣለ። "ይያዙት በቃ እትዬ" ብሎ ሄደ። ፊቱን አላዞረም።
ልጄ ደግፋ አስቀመጠችኝ። ከሕመሜ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠየቀችኝ፦ "ልትይ የፈለግሽውን ሁሉ አልሽ?"
"ገና... ነኝ" አልኳት። ስለ ወርክሾፑ ነገርኳት። ረጅም ነበር። እስከ መጨረሻው ሰማችኝ።

ታኅሣሥ 21
ልጄ ወርክሾፑን ሊከራይ ለነበረው ሰውዬ ደውላ "ቤቱ ተይዟል" አለችው። "ማን ያዘው?" ብሎ ጠየቃት መሰለኝ። "እናቴ" ስትል ሰማሁ።

ጥር 7
የእንስሳት ሐኪሟ ለክሊኒኳ በር ጽሑፍ ፈልጋለች። "ቀኝ እጅዎ እስኪበረታ እንጠብቅ" ብላኝ ነበር። አልጠብቅም፣ አልኳት። በግራ ነው።
ክሊኒኩ በር ላይ በቆመው መሰላል ሁለት ደረጃ ብቻ ወጣሁ፣ ልጄ ይዛልኝ። አብሮን የመጣው ቦራ የክሊኒኩ አጥር ጋ ሣር ይግጣል። ከእንግዲህ የሚጎትተው ነገር የለም። ከፊት ለፊት ባለው ማተሚያ ቤት የሚሠራ ጎልማሳ መጥቶ ከኋላዬ ቆመ።
"እትዬ፣ ይሄ እኮ አሁን በማሽን ነው የሚታተም። ደግሞ ፊደሉ ዘሟል።"
"ይነበባል?"
አንገቱን አዘንብሎ አየው። "መነበቡስ... ይነበባል።"
"እንግዲያው... ዘወር በልልኝ። ጥላህ... ሥራዬ ላይ... ወድቋል።"
ዘወር አለ። "ክ"ን ጨርሼ "ሊ"ን ጀመርኩ።