ስለተዘጋው የፀጉር ቅባት ገጽና ከማስታወቂያው ስለሰረዝኳት ማስጠንቀቂያ

ለክቡር የንግድ ምዝገባ፣ ፈቃድና ሸማቾች ጥበቃ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣
ካሉበት፤

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለክቡርነትዎ የተሟላ ጤንነትን፣ ለቤተሰብዎ ሰላምን፣ ለጽሕፈት ቤትዎ ሊፍት ፈጣን ማገገምን፣ በመዝገብ ቤትዎ ለተኙት ፋይሎችም ረጅም ዕድሜን ከልብ እመኛለሁ፤ ይህ የመጨረሻው ምኞቴ ግን ያለ እኔ እርዳታ እየተፈጸመ መሆኑን በዐይኔ አይቼ ተጽናንቻለሁ።

እኔ ዕድሜዬን በማተሚያ ቤት የሰው ጽሑፍ በማረም የፈጀሁ፣ ዛሬ በጡረታ ከወንድሜ ልጅ ጋር የምኖር ሽማግሌ ነኝ። ይህች ልጅ ተቀጥራ ትሠራበት የነበረው ፀጉር ቤት ሲዘጋባት እጇን አጣጥፋ ከመቀመጥ ብላ በጓዳችን የፀጉር ቅባት እያዘጋጀች በማኅበራዊ ሚዲያ በከፈተችው ገጽ ትሸጥ ጀመር፤ ያንን ገጽ ጽሕፈት ቤትዎ ዘግቶታል። የዘጋውም በአግባቡ ነው፤ ያስዘጋው ማስታወቂያ የተጻፈው በእኔ እጅ ነውና። ይህን አስቀድሜ መናገሬ ከዚህ በታች የተዘረዘሩትን አቤቱታዎች ንጹሕ ሰው ያቀረባቸው መስለው እንዳይታዩዎት ነው፤ ቤታችን ሰውን በማሳሳት አንድ ጊዜ መከሰሱ ይበቃዋል። ለመለመን የተነሣሁትም አንዲት ፊርማ ብቻ ነው፤ ፊርማዋ በዘገየች ቁጥር የሰው ቆዳ የሚቆስልባት ፊርማ በመሆኗ ግን አቤቱታዬን በጋዜጣ ለማውጣት ተገድጃለሁ።

አንደኛ፤ የወንድሜ ልጅ አንዲት ብልቃጥ እንኳ ሳትሸጥ፣ ፈቃድ ለማውጣት ወደ ጽሕፈት ቤትዎ መጥታ እንደነበር በአክብሮት አስታውሳለሁ። በመስኮቱ የተቀመጡት ሠራተኛዎ ሱቋ የት እንደሆነ ጠየቋት፤ ቅባቱን ቤቷ አዘጋጅታ በስልኳ እንደምትሸጥ ስትነግራቸው፣ «እኅቴ፣ ስልክ ውስጥ ግድግዳ የለም፤ ፈቃዱን ብሰጥሽ የት ልትሰቅዪው ነው? ግንባርሽ ላይ?» ብለው ከኋላዋ የተሰለፈውን ሕዝብ ሁሉ አሳቁላት፤ እርሷም አብራ ስቃ ባዶ እጇን ተመለሰች። ተገልጋይ ፈቃድ ቢያጣ ሳቅ ሳያገኝ እንዳይሄድ ስለሚደረገው ስለዚህ ጥንቃቄ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ይልቁንም ያስደነቀኝ፣ ክስ በቀረበ ዕለት ያው ግድግዳ የለውም የተባለው ሱቅ ለተቆጣጣሪዎችዎ ምንም ሳይጠፋባቸው መገኘቱና የሚታሸግበትም ግድግዳ አለማጣቱ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚለውን የአባቶች ብሂል እዚህ ላይ መጥቀስ ነውር ስለሆነ አልጠቅሰውም። ደግሞስ በየትኛው አፌ እጠቅሰዋለሁ? ልጅቱ በማግስቱ ሌላ ኃላፊ ልታነጋግር ስትነሣ፣ «ተይ ልጄ፣ ሕግ የፈለገሽ ቀን ራሱ ይመጣል» ብዬ ያስቀረኋት እኔ ነኝ። መጣም።

ሁለተኛ፤ በማኅበራዊ ሚዲያ የሚነግድ ሰው ሊያውቀው የሚገባውን ሁሉ የያዘው መመሪያ በጽሕፈት ቤትዎ ኮሪደር፣ በተቆለፈ መስታወት ውስጥ፣ ከተደራረቡ የፕላስቲክ ወንበሮች ጀርባ በክብር ተሰውሮ እንደሚኖር ከክሱ በኋላ ለማየት በቅቻለሁ። ወንበሮቹን እያነሣሁ፣ የጥበቃ ሠራተኛውም «አባት፣ መቀመጫ ከፈለጉ እዚያ አለልዎት» እያሉኝ፣ መነጽሬን ወልውዬ ከራስጌ እስከ ግርጌ አነበብኩት። ሻጭ በገጹ ላይ እውነተኛ ስሙንና አድራሻውን ይግለጽ፤ ዋጋውን ለሁሉ በሚታይ ቦታ ይጻፍ፤ ደረሰኝ ይስጥ፤ የሰው ፎቶግራፍ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ አይለጥፍ፤ ጉድለት ያለበትን ዕቃ ይመልስ፤ ገላ ላይ የሚቀባ ነገር ከምን እንደተሠራና መቼ እንደሚበላሽ በዕቃው ላይ ያስፍር፤ መድኃኒት ያልሆነውን መድኃኒት ነው አይበል፤ ጉዳት የሚያስከትል ከሆነም ጉዳቱን አይደብቅ። ይኸው ነው። ስንት ዓመት የመንግሥት ጽሑፍ ሳርም ኖሬ፣ አንዲት ቃል የማይወጣለት እንዲህ ያለ የጠራ መመሪያ አጋጥሞኝ አያውቅም፤ ከሰው ዐይን የተሸሸገውም ምናልባት እንዳያልቅ ይሆናል።

ነገር ግን ክቡር ሆይ፣ ወንበሮቹ ባይኖሩስ አነበው ነበርን? ዳቦ የተጠቀለለበትን ቁራጭ ወረቀት ሳላነብ የማልጥል ሰው፣ የልጄ እንጀራ የተንጠለጠለበትን ሕግ ላንብብ ብዬ አንድ ቀን እንኳ ከቤቴ አልወጣሁም። እርሷ ሳታነበው በደመ ነፍስ ልትፈጽመው የቃጣችውን እኔ በተራ በተራ አስፈርሻታለሁ። ዋጋውን ልትጽፍ ስትል፣ ዋጋ ከተዋበ ጽሑፍ ጎን ሲቆም ነጭ ልብስ ላይ ጠብ እንዳለ ወጥ ነው ብዬ «ዋጋ በውስጥ መስመር» አስባልኳት። ስሟንና አድራሻችንን ልታሰፍር ስትል፣ ጨዋ ሰው ቤቱን ለአላፊ አግዳሚ አያሳይም አልኳት። ሹሩባዋን ተሠርታ ሳለች ፎቶ ያነሣናትን ጎረቤታችንን እናስፈቅድ ስትለኝም፣ «የሚታየው ጀርባዋ ነው፤ ጀርባን ማን ያውቀዋል?» አልኩ፤ ባሏ አወቀው፣ እናቷም አወቀችው፣ ቀጥሎም ሰፈሩ ሁሉ አወቀው፤ ጎረቤታችን እስከ ዛሬ ሰላም የምትለኝ በዚያው ጀርባዋ ነው።

ሦስተኛ፤ ይህ አቤቱታ ማንን እንደሚመለከት እያወቅሁ ከጽሕፈት ቤትዎ ዝርዝር ውስጥ መክተቴን በትዕግሥት እንዲያዩልኝ እማጸናለሁ። የወንድሜ ልጅ ለማስታወቂያ ብላ በራሷ እጅ የጻፈችው ይህ ነበር፦ «የፀጉር ቅባት። ከጉሎ ዘይትና ከእሬት የተሠራ። የፀጉርን ድርቀት ያለሰልሳል። የራስ ቆዳዎ ቁስል ወይም ሕመም ካለው አይቀቡት፤ ሐኪም ያማክሩ።» «ጋሼ፣ ፊደል ከገደፍኩ ይዩልኝ» ብላ ሰጠችኝ። ፊደል አልገደፈችም። እኔ ግን ቀይ ብዕሬን አነሣሁ፤ ከማተሚያ ቤት ከወጣሁ ወዲህ ብዕር ያስነሣኝ ሰው አልነበረምና፣ እንደ ረኀብተኛ ተሻምቼ፣ የራስን ደዌ ሁሉ ፀሐይ እንዳየ ጤዛ የሚያተን፣ የረገፈውን የሚያበቅል፣ የበቀለውን የሚያጸና፣ ሐኪም ተስፋ የቆረጠበትን የሚፈውስ ድንቅ ቅባት አድርጌላት ዐረፍኩ። የመጨረሻዋ ዐረፍተ ነገር ግን ምቱን ሰበረችብኝ፤ እንዲህ ከፍ ከፍ ብሎ የወጣ ውዳሴ «ሐኪም ያማክሩ» ብሎ ሲያበቃ ሰገነት ላይ የወጣ ንጉሥ ደረጃ ስቶ ሲወድቅ ሆኖ ታየኝና ሰረዝኳት። «ጋሼ፣ ሌላውን እንደወደዱ ያድርጉት፤ እሷን እንኳ ይተዉልኝ» አለችኝ። «አንቺ ዘይትሽን አሙቂ፤ ቃሉን ለባለሙያ ተይው» አልኳት።

ያንን ማስታወቂያ ካነበቡት መካከል አንዲት ልብስ ሰፊ ነበሩ፤ የራስ ቆዳ ሕመም ይዟቸው በሐኪም ክትትል ላይ የነበሩ ሴት ናቸው። ሐኪሙ ያዘዘላቸውን ትተው የእኛን ቀቡ፤ ቁስሉም ተቆጥቶ ራሳቸውን ዙሪያውን አለበሰው። ለጽሕፈት ቤትዎ ያመለከቱት እርሳቸው ናቸው፣ መብታቸውም ነው። ይቅርታ ልጠይቅ ወደ ሱቃቸው ስሄድ ራሳቸውን በነጭ ሻሽ ጠቅልለው፣ ከካውያው ሙቀት ፊታቸውን እያዞሩ ይሠሩ ነበር፤ ስድብ ጠብቄ ነበር፤ ስድብ እንኳ ቢሆን ተጽናንቼ በተመለስኩ። እርሳቸው ግን በከንፈራቸው የያዙትን መርፌ አውጥተው፣ «አባባ፣ እኔኮ ጽሑፉን ለልጆቼ ሁሉ አንብቤላቸዋለሁ። እንዲህ አሳምሮ የሚጽፍ ሰው ይዋሻል ብዬ እንዴት ልጠርጥር?» አሉኝ። በሥራ ዘመኔ ሁሉ ስናፍቀው የኖርኩት ምስጋና ያ ነበር፤ ሁለተኛ እንዳልሰማው እጸልያለሁ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ በጉሎ ዘይትም አይታሽም።

አራተኛ፤ ስለ መርማሪዎ ቅልጥፍና አመሰግናለሁ። «ይህን የጻፈው ማነው?» ሲሉ ጠየቁ፤ «እኔ ነኝ» አለች የወንድሜ ልጅ፤ «ታዲያ ብዕር ካለሽ ምን ቅባት ያስነግድሻል? በይ ፈርሚ» አሉና መዝገቡን ዘጉ። ፀጉር ስትሠራ የኖረች ወጣት «ደዌ» እና «ጤዛ» ከየት አመጣችው ብሎ ለመጠየቅ የአንድ ትንፋሽ ዕድሜ በቂ ነበር፤ ይህን ባለማድረጋቸው ልወቅሳቸው ተነሥቼ ብዕሬ እጄ ላይ ቀዘቀዘ። በሩ ገርበብ ብሎ ነበር፤ እኔ ከውጭ በአግዳሚው ላይ የእርሷን ቦርሳ ታቅፌ ሁሉንም ሰምቻለሁ። ሽማግሌ ሳይጠራ ሰው ቢሮ አይገባም ብዬ ራሴን መከርኩ፤ ምክሩንም ተቀበልኩ። ስትወጣ ቦርሳዋን ከጭኔ ላይ አንሥታ፣ «ደከመዎት አይደል ጋሼ?» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ቤታችን ውስጥ ስለዚያ ቀን ያወራ የለም፤ ምግብ ታቀርብልኛለች፣ እበላለሁ፣ ቀና ብዬ ግን አላያትም።

አምስተኛና የመጨረሻው ይህ ነው። ውሳኔዎ ገጹ የሚከፈተው ማስተባበያ ሲወጣበት ነው ይላል፤ ማስተባበያው የሚወጣው ክቡርነትዎ ሲፈርሙበት ነው ይላል። ልጅቱ ማስተባበያዋን ጽፋ ያስገባችው ወዲያውኑ ነው፤ እስከ ዛሬ ግን «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» ከሚል በቀር መልስ አላገኘችም፤ ስብሰባው የተባረከ ይሁን። ሆኖም ቅባቱ በየሰው ቤት አለ። ስልካቸውን የምታውቃቸውን ደውላ፣ ቤታቸውን የምታውቃቸውን በር አንኳኩታ አስጠንቅቃለች፤ የቀሩት ገዢዎች ስምና አድራሻ ግን ያለው በታሸገው ገጽ የመልእክት ሣጥን ውስጥ ነው። ማሸጊያው ውሸቱን ከዘጋበት በር እውነቱንም አብሮ ዘግቶታል። ምናልባት ክቡርነትዎ ይህን በሚያነቡበት ሰዓት አንዲት እናት የልጇን የራስ ቁስል በዚያ ቅባት እያሸች፣ ልጁ ሲያለቅስ «ቻለው፣ እየፈወሰህ ነው» ትለው ይሆናል፤ ያንን ቃል ያዋስኳት እኔ ነኝ።

ስለዚህ ጥፋቱን ከእርሷ ስም ፍቀው በእኔ ይጻፉልኝ ብዬ አለምንም፤ ባለ ገጹ በገጹ ለወጣው ተጠያቂ መሆኑን ከወንበሮቹ ጀርባ አንብቤ ሕጉ ልክ መሆኑን አምኛለሁ። የምለምነው፣ የነገ ፈቃድ ጥያቄዋ በሚታይበት ጊዜ ማን ጽፎ ማን እንደፈረመ እንዲታወቅ ይህ ደብዳቤ ከፋይሏ ጋር እንዲያያዝ፣ ማስተባበያውም ዛሬውኑ እንዲፈረም ነው። እስከዚያው ድረስ ይህን ጋዜጣ የያዝክ ሰው ሁሉ ስማኝ፤ በዚያ ገጽ የተሸጠው ቅባት መድኃኒት አይደለም፤ የቆሰለ ወይም የታመመ ቆዳ ላይ አትቀባው፤ ቀብተህ ከሆነም ታጥበህ ወደ ሐኪም ሂድ።

ጊዜዎን በመሻማቴ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ለክቡርነትዎ ከስብሰባ ሁሉ በሰላም መውጣትን እየተመኘሁ፣ በታላቅ አክብሮት እጅ የምነሣ፣

የሰው ስሕተት ሲለቅም ኖሮ የራሱን በቀይ ያቀለመ፣
የጽሕፈት ቤትዎ ትሑት ተገልጋይ፣
ጡረተኛው ጽሑፍ አራሚ።

ግልባጭ፦
ለልብስ ሰፊዋ እመቤት፤ ከማይገባኝ ይቅርታ ጋር።

ማሳሰቢያ፦ ክቡርነትዎ ይህን ረጅም ደብዳቤ ለማንበብ ጊዜ ቢያጡ በፍጹም አይጨነቁ። ጠረጴዛዎ ላይ ፊርማ የሚጠብቀው ማስተባበያ አጭር ነው፤ የጻፈችው ልጅቱ ናት፤ እኔ አልነካሁትም።