በአለኸኝ ክንድ ተለክቶ በእኔ ክንድ የተቆረጠው ቧንቧ

ውድ ጓደኛዬ፣ ወንድሜ ሁዜይፋ፣

አሰላሙ አለይኩም። የደሴ ብርድ እንዴት ይዞሃል? ስደውል አታነሳም፣ መልእክት ብልክም አይተህ ዝም ትላለህ። ስለዚህ ይህን ወረቀት በሚኒባስ ሹፌሩ በኪዳን እጅ ልኬዋለሁ። ኪዳን ደግሞ አንብበህ እስክትጨርስ አጠገብህ እንደሚቆም ምሎልኛል።

እናቴ ደህና ናት። ከጉልበቷ በቀር ማለቴ ነው። እንደምታውቀው ጉልበቷን የሚያሽላት ሙቅ ውሃ ብቻ ነው። ከማሞቂያው ወደ መታጠቢያ ቤት የሚሄደው አሮጌ የብረት ቧንቧ ደግሞ ዝጎ ዝጎ ተበሳና ቤቱን አጥለቀለቀው። አንተ ቧንቧ ሠራተኛው ልትቀይርላት ብለህ ከጅዳ ያመጣሃቸው አምስት የመዳብ ቧንቧዎች ጓዳ ቆመው ነበር። ነበር ነው የምልህ።

እናቴ ወዲያው "ሁዜይፋ ይምጣ" አለች። እኔ ግን እንዴት ብዬ ልጥራህ? በጓደኛችን በያለው ሰርግ ላይ፣ ድንኳን ሙሉ ሰው ፊት፣ "ቱቦ መቁረጥ ደግሞ ሙያ ሆኖ! ሸንኮራ መቁረጥ ነው እኮ" ብዬህ የለ? ሰው ሁሉ ሳቀ፣ አንተ ለስላሳህን ሳትጨርስ ተነስተህ ወጣህ፣ በሳምንቱ ደሴ ገባህ። ይህን ካልኩ በኋላ ራሴ ካልቆረጥኩት ክብሬ የት ሊገባ ነው?

ቅዳሜ ጠዋት ብረት መቁረጫ ሴጌቶና ብረት ቆንጥጦ የሚይዝ ሞርሳ ተዋስኩ። የመጀመሪያውን ቧንቧ እንዳይንቀሳቀስ ብዬ ሞርሳው ውስጥ ጥርቅም አድርጌ አሰርኩት። አልተንቀሳቀሰም፣ ጠፍጣፋ ሆነ። መዳብ እንዲህ ለስላሳ መሆኑን ምናለ ብትነግረኝ! ሁለተኛውን በእግሬ ረግጬ ገዘገዝኩት። አፉ ተንጋዶ፣ ዙሪያውን ጥርስ አውጥቶ፣ መገጣጠሚያው ውስጥ ግባ ስለው አሻፈረኝ አለ። ጣቴንም ቆረጠኝ። አንተ ያቺን ትንሽ መቁረጫህን ቧንቧው ላይ ቀስ እያልክ ስታዞር፣ የአፉን ውስጥ ስትፍቅ፣ ውጩን በብርጭቆ ወረቀት እስኪያበራ ስታሸው እያየሁ "ይሄ ሰው ጊዜ ሊገድል ነው" እል ነበር። ወላሂ፣ ለካ ሥራው እሱ ኖሯል።

ሦስተኛውን ተጠንቅቄ ነው የያዝኩት። ሜትሬ ትምህርት ቤት ቀርቶ ስለነበር ረጅሙን ጎረቤታችንን አለኸኝን ጠራሁት። ታውቀው የለ፣ ገበያ ላይ ገመድ የሚገዛ ሁሉ ለክንዱ ሲል እየጎተተ የሚወስደው። ግድግዳውን ለካና "አምስት ክንድ" ብሎኝ በሬ ሊገዛ ወረኢሉ ሄደ። እኔም ቧንቧው ላይ አምስት ክንድ ለካሁ፣ ቆረጥኩ፣ በሞረድ አስተካከልኩ፣ አሸሁ። አበራ! ግድግዳው ላይ ስይዘው ግን በስንዝር አጠረ። ሴጌቶው በልቶት ነው ብዬ አራተኛውን አነሳሁ። አንዴ ለካሁ፣ ሦስቴ ለካሁ፣ ቆረጥኩ። ያው በስንዝር አጠረ!

እናቴ በርጩማዋ ላይ ሆና ስታየኝ ቆይታ፣ "አንተ የኋላሸት፣ ግድግዳውን የለካው የማን ክንድ ነው?" አለችኝ።

"የአለኸኝ።"

"ቧንቧውንስ?"

ክንዴን ከጀርባዬ ደበቅኩ። ሁዜይፋ፣ እኔ እኮ አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ ለሰባተኛ ክፍል ስለ መለኪያ ያስተማርኩ ሰው ነኝ! ሰኞ ክፍል ስገባ አንዷ ተማሪ እጇን አውጥታ "ቲቸር፣ አንድ ሜትር ስንት የአለኸኝ ክንድ ነው?" ብላ ጠየቀችኝ። በመካነ ሰላም ከተማ ያልሰማ የለም።

አምስተኛውን እናቴ ወስዳ አልጋዋ ስር አስተኛችው። "ሁዜይፋ እስኪመጣ ማንም አይነካውም" ብላለች። እስከዚያ በባልዲ ውሃ እያሞቅኩ ጉልበቷ ላይ አፈስላታለሁ። አንዴ አቃጠለኝ፣ አንዴ በረደኝ ትላለች፣ ከዚያ ያንተን ስም ትጠራለች። እውነቱን ልንገርህ፣ እኔም ናፍቀኸኛል። ቅዳሜ ከሰዓት የማወራው ሰው አጥቻለሁ።

እስከዚህ ጽፌ ለእናቴ አነበብኩላት። አለኸኝ ጋ ስደርስ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ስጨርስ ግን ፊቷን አኮሳትራ፣ "ይቅርታው የታለ?" አለችኝ።

"ውስጡ አለ እኮ፣ ይገባዋል" አልኳት።

"ሴጌቶ ሰማሁ፣ ክንድ ሰማሁ። ይቅርታ አልሰማሁም። ይሄንንም አሳጥረህ ቆርጠኸዋል፣ ጨምርበት!"

እሺ። ሁዜይፋ፣ በሰው ፊት ሙያህን አቃለልኩብህ። አጥፍቻለሁ፣ ይቅር በለኝ። ስትመጣ ሰርጉ ላይ የነበሩትን ሁሉ ቤት ጠርቼ በፊታቸው እደግመዋለሁ። መቁረጫህን ይዘህ ና፣ ሜትርም አትርሳ።

ይህንንም አነበብኩላት። "አሁን ልክ ሆነ" አለች።

ባለ አጭር ክንዱ ወንድምህ፣
የኋላሸት