የተደፈኑት ጉድጓዶች

ይድረስ ለማከብርዎትና ለምሳሳልዎት አባቴ፤

እንዴት ከርመዋል? ጉልበትዎ እንዴት ነው፣ ደረጃውን ሳያቃስቱ ይወጣሉ? ሳሉስ ለቀቅ አደረገዎት? እማዬ ዓይኗን ታየች ወይስ ዛሬም «ነገ እሄዳለሁ» እያለች ነው? የጓሮው ሎሚ፣ ዶሮዎቹ፣ ያ እንግዳ አይቶ የማይጮኸው ሰነፍ ውሻችን፣ ሁሉም ደህና ናቸው? እኔ ናፍቆታችሁ ከሚያንገበግበኝና ከቢሮው ወንበር ጋር ከመታገሌ በቀር ደህና ነኝ፣ ፈጣሪ ይመስገን።

በስልክ መናገር ስችል ደብዳቤ የጻፍኩት ወድጄ አይደለም። እናንተ ቤት ስልክ ሲደወል ድምፁ ከፍ ተደርጎ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል፤ ለእርስዎ የምነግርዎትን ጎረቤት ሁሉ ይሰማዋል። ስለዚህ ይህን ወረቀት ለአውቶቡሱ ሾፌር በእጁ ሰጥቼዋለሁ። መነጽርዎን አድርገው፣ ብቻዎን ሆነው ያንብቡት።

ሥራሽ ምንድን ነው እያሉ ሲጠይቁኝ በደንብ አስረድቼዎት አላውቅም። የወንዙ እቅድ የሚባለው እንዲህ ነው። ጎርፉ ከተማውን እንዳያጥለቀልቅ አንዳንዱ ቦታ ላይ የድንጋይ ግንብ ይሠራል፤ ሌላው ቦታ ደግሞ ዳርቻው ተቆርጦ ውሃው ወደ ሜዳው ይለቀቃል። የኛ ክፍል የሚመረምረው ይህ ሁሉ ሲደረግ በቀላሉ የሚጎዱት እንስሳትና ወፎች ምን እንደሚሆኑ ነው። ከነሱ አንዷ እርስዎ «ባለጉድጓዷ» የሚሏት፣ ከቤታችን በታች ያለውን የወንዝ ዳር ገደል እየቆፈረች የምትፈለፍለው ጉሮሮ ቀይዋ ወፍ ናት።

ዘመድ ያለበትን ቦታ መመርመር በኛ ቢሮ ክልክል ስለሆነ እናንተ ዘንድ የሄዱት የወፍ ባለሙያችንና ጀልባ ነጂው ናቸው። ባለሙያዋን እመ ወፍ ነው የምንላት፤ ከሰው ይልቅ ከወፍ ጋር ስታወራ ነው ደስ የሚላት። ስትመለስ ግን ፊቷ ጠቁሮ ነበር። «ገደሉ ባዶ ነው፤ ወፎቹ መጥተዋል፣ ያንዣብባሉ፣ የሚገቡበት ግን አንድ ጉድጓድ እንኳ የለም» አለችን። እኔ በልጅነቴ ወንፊት መስሎ የማውቀው ገደል!

ወዲያው የጠረጠርኩት ኢንጂነራችንን ነው። ሰውየው ሜዳችሁ ዝቅ ያለ ስለሆነ ዳርቻው እዚያ ጋ ይቆረጥ ባይ ነው፤ ወፎቹ ብቻ ናቸው እንቅፋት የሆኑበት። ገደሉ ባዶ ነው ሲባል ለመጀመሪያ ጊዜ ጥርሱን አየሁት። በልቤ «አገኘሁህ!» አልኩ። ጫማው ላይ ጭቃ ፈለግሁ። የመኪና ክፍሉን ሠራተኛ በዘወርዋራ ብጠይቀው «እሱማ ሰሞኑን ልጁ ታሞበት ከሐኪም ቤት አልወጣም» አለኝ። እሱንም አላመንኩትም፤ ሁለቱ አብረው ነው ምሳ የሚበሉት።

በነጋታው እመ ወፍ አንድ የደረቀ የጭቃ ድቡልቡል ጠረጴዛዬ ላይ ዱብ አደረገችው። ጀልባ ነጂው ገደሉን በመቅዘፊያው ሲነካካ የወደቀ ነው። «ይሄ የሰው እጅ ነው፤ እስቲ ሰብረሽ እዪልኝ» ብላኝ ለምሳ ወጣች። ሰበርኩት። ጭዱ ከጭቃው ጋር በደንብ ታሽቷል፤ ላዩ በእርጥብ መዳፍ ተለስልሷል፤ መሀሉ ላይ የተቋጠረ ጨርቅ አለ። አባዬ፣ የአይጥ ጉድጓድ እንዲህ አድርጎ የሚደፍን ከእርስዎ ሌላ አንድ ሰው አላውቅም። ይባስ ብሎ ጨርቁ የአረንጓዴ ሹራብ ክርን ነው፤ አረንጓዴ ክር አልቆባት እማዬ ክርኑን በቡኒ የጠቀመችው የትምህርት ቤት ሹራቤ።

እህቴ ደውላ «የወፍ ሰዎቹ መቼ ነው የሚመጡት?» ያለችኝ ያን ጊዜ ትዝ አለኝ። ለምን ጠየቅሽ ስላት «እንዲያው ነው» ብላ ወሬ ቀየረች። እርስዎም በዚያው ሰሞን ጭድ ተወደደ ብለው አማርረውብኝ ነበር። ከብት የሌለው ሰው ስለ ጭድ ዋጋ ምን አገባው? አሁን ሁሉንም ነገር እየጠረጠርኩ ነው፤ እማዬ ከስልኩ ኋላ ስትስቅ የሰማሁትን ሳቅ ሳይቀር።

ለምን እንዳደረጉት የሚጠፋኝ አይምሰልዎ። ጎርፉ የወጥ ቤቱን ግድግዳ ከወሰደው ወዲህ ዝናብ ሲያጉረመርም እንቅልፍ አይወስድዎትም። አንዱ አዋቂ ነኝ ባይ «ወፍ ካገኙ ግንብ አይሠሩላችሁም» ብሎዎት ይሆናል። ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው። ወፏ የተገኘችበት ገደል አይነካም፤ ግንቡ ከገደሉ ፈቀቅ ብሎ በአጥራችን ፊት ለፊት ይሠራል። ወፍ ያልተገኘበት ነው ተቆርጦ ውሃ የሚለቀቅበት። ዛሬ ኢንጂነሩ ካርታው ላይ የውሃውን መንገድ በሰማያዊ ቀለም አሰመረ። መስመሩ በሎሚው ዛፍ በኩል ገብቶ በመኝታ ቤታችሁ ይወጣል። ቤታችንን አድናለሁ ብለው ለጎርፉ ያስረከቡት እርስዎ ነዎት። ተናድጃለሁ፣ ደግሞ አንጀቴን በልተውኛል።

ሐሙስ ስብሰባ አለ። ጉድጓዶቹን ሰው እንደደፈናቸው ማስረጃ ከቀረበ ምርመራው እንደገና ይደረጋል፤ ዝም ካልኩ ግን ካርታው ይጸድቃል። ስለዚህ ጨርቁን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠዋለሁ። የማን ነው ሲሉኝ የኔ ነው እላለሁ፤ ውሸትም አይደለም። ማን እንደደፈነው ሲጠይቁኝ ግን አልዋሽም። ከሥራ ሊያስወጡኝ፣ እርስዎንም ሊያስጠይቁዎት ይችላሉ። ከቤቱ ጋር ተጠርጋችሁ ከማጣችሁ ይህ ይሻለኛል።

ምናልባት ተሳስቼ ከሆነ ሹራቤን ከነክርኑ በዚሁ ሾፌር ይላኩልኝ፤ መጥቼ እግርዎ ላይ ወድቄ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ካልተሳሳትኩ ደግሞ ይህን አንብበው እንደጨረሱ አካፋዎን ያንሱ። እመ ወፍ ወፎቹ ገና ከአካባቢው አልራቁም፣ ጉድጓዱ ከተከፈተ ይገባሉ ትላለች።

እማዬን ጉንጮቿን ይሳሙልኝ፤ ሹራቡን ከሳጥን ያወጣችው እሷ መሆኗን ግን አውቄአለሁ ይበሉልኝ። እህቴን እንዲያው ነው የሚባል ነገር እንደሌለ ነግረው ሰላም ይበሉልኝ። ጭዱን የሸጠልዎትን ጎረቤታችንን ሰላም አልለውም፣ ጭዱ ለምን እንደሆነ ሳያውቅ አልቀረም። ውሻውን ይደባብሱልኝ፤ የደፈነው የሌላ ሰው እጅ ቢሆንስ እያልኩ ስጽናና የነበረው እሱ ስለማይጮህ ነው። ባለጉድጓዶቹ ሲመጡም በራቸውን ከፍተው ይቀበሉልኝ።

የምትወድዎትና ዓይኗን ከእርስዎ የማትነቅል ልጅዎ

ከቢሮዬ፣ ካርታው ከተሰቀለበት ግድግዳ ፊት ለፊት
ሰኞ ከሰዓት፣ ዝናቡ ሊገባ ሲያጉረመርም