አንጁሎን በስምሽ የገደልኩ ዕለት

ሶዶ፣ ጥቅምት 2018 ዓ.ም.

ውድ እየሩስ፣

ስደውል አታነሺም። ብታነሺም እኔን ታውቂኛለሽ፤ ገና "ሄሎ" ሳትይ አንድ ቀልድ አምጥቼ፣ ሁለተኛ ደርቤ፣ ዋናውን ነገር ሳልናገር እዘጋዋለሁ። ስለዚህ ወረቀት ገዛሁ። ወረቀት አይስቅልኝም።

ነገሩን ሳላዞር ልናገረው። ባለፈው ግንቦት "አቶ አንጁሎ አርፈዋል" የሚለውን መልእክት ለዕድሩ አባላት በሙሉ የላክሁት እኔ ነኝ። አንቺ ታውቂዋለሽ፤ በዚያ እሁድ የዕድሩ ስብሰባ ላይ ስታዪኝ እንደገባሽ ዓይንሽ ነግሮኛል። ከአፌ ግን አልሰማሽውም። ስድስት ወር ሙሉ ማንም አልሰማውም።

መጋቢት ላይ ሱቄ የመጣሽበትን ቀን ታስታውሻለሽ? የፈታሁትን ሬዲዮ ገፋ አድርገሽ ላፕቶፕሽን ጠረጴዛው ላይ ከፈትሽና፣ "አጎቴ፣ አንተም ኮድ ሳትጽፍ አፕ መሥራት ትችላለህ" አልሽኝ።

"እንዴ! ታዲያ አንቺ አራት ዓመት ኮሌጅ ምን ስትሠሪ ነበር?"

"ላንተ የሚሆን መንገድ ስፈልግ!" ብለሽ ትከሻዬን መታሽኝ።

ትምህርቱ እስከ ስድስተኛ ክፍል ለሆነ፣ ሬዲዮ መጠገን እያበላሸ ለተማረ ሰው ያ ነገር ተአምር ነበር። ቁልፉ፣ ፎርሙ፣ የስም ዝርዝሩ፣ ሁሉም ተሠርቶ ተደርድሯል። በማውስ እየጎተትኩ ስክሪኑ ላይ ባለው የስልክ ምስል ላይ መጣል ብቻ ነው። እንደ ብየዳ እጅ አያቃጥልም፣ አይሸትም። በሦስት ሳምንት እኔ ጸሐፊ ለሆንኩበት ዕድራችን አፕ ሠራን። ጡሩንባ የሚነፉት አዛውንት ጉልበታቸው ደክሟል፤ አባላቱም እኩሌቶቹ ቦዲቲና ዲምቱ ገብተዋል፤ ጡሩንባ እዚያ ድረስ አይሰማም። መቶ ሰማንያ አባላት ስልካቸው ላይ ጫኑት። "የሞት ማስታወቂያ" የሚለውን ቁልፍ ጥቁር እናድርገው ስትዪኝ ቀይ ያምራል ብዬ ድርቅ ያልኩት እኔ ነኝ። የኢሜይሌ የይለፍ ቃል ከጠፋኝ ሁለት ዓመት አልፎት ስለነበር ሁሉን ነገር በአንቺ ኢሜይል ከፈትነው። የሚላከው መልእክት ሁሉ ከሥሩ "ላኪ፦ እየሩስ" ይል ነበር። ያኔ ማናችንም ግድ አላለንም።

ያን ማክሰኞ አንቺ ቦዲቲ ልትሄጂ ነበር። የእህል ነጋዴዎቹ የገበያ ዋጋ የሚነግር አፕ እንድትሠሪላቸው ጠርተውሽ፣ አዲሱን ሸሚዝሽን ለብሰሽ ነበር። ከመሄድሽ በፊት ሱቁ በር ላይ ቆመሽ፣ "አጎቴ፣ ማስታወቂያውን የምትሞክር ከሆነ 'ሙከራ' ብለህ ጻፍ። የሰው ስም እንዳትጽፍ። ደግሞ 'ለእኔ ብቻ' የሚለውን ምረጥ፤ ካልመረጥክ ራሱ 'ለሁሉም አባላት' ብሎ ነው የሚነሳው" አልሽኝ።

"እሺ፣ መምህርት!" አልኩሽ።

መምህርቷ ጥግ ሳትዞር ተማሪውን አመሉ ተነሣበት። "ሙከራ" ብሎ መጻፍ ምን ይጣፍጣል? ለሙከራ ማን ያለቅሳል? አንጁሎ ያን ጠዋት በሱቄ ሲያልፍ፣ "ጌታነህ፣ ይሄ አፕህ ሰው ሳይሞት ሥራ ፈቶ ቀረ እኮ!" ብሎ ሳቀብኝ። ሠላሳ ዓመት ስንቀላለድ የኖርን ጎረቤታሞች ነን፤ ሳልመልስለት መዋል አልቻልኩም። የሞቱን ማስታወቂያ በራሴ ስልክ ላይ አውጥቼ፣ ሲመለስ አሳይቼው ፊቱን ለማየት አሰብኩ። ቀልዱ እንዲያምር ከልቤ አድርጌ ጻፍኩት። "አቶ አንጁሎ ዛሬ ጠዋት በድንገት አርፈዋል። ቀብራቸው ነገ በስድስት ሰዓት ይፈጸማል።" ከዚያ ቀዩን ቁልፍ ነካሁት።

የእኔ ስልክ ጮኸ፤ ደስ አለኝ። ቀጥሎ የጎረቤቴ የልብስ ሰፊዋ ስልክ ጮኸ። ቀጥሎ መንገዱን ተሻግሮ ያለው ሻይ ቤት ውስጥ ሦስት አራት ስልክ ባንድ ላይ ጮኸ። ሰፊዋ "ውይ!" ብላ መቀሷን ጣለች። "ላክ" የሚል ቁልፍ ሠርተናል፤ "መልስ" የሚል ግን አልሠራንም።

ሮጥኩ። አንጁሎ ግቢ ስደርስ ሁለት ሰዎች የድንኳኑን ብረት ተሸክመው ደርሰዋል። ሴቶቹ በሩ ላይ ደረት እየመቱ ነው። በዚህ መሀል አንጁሎ ራሱ ጎደሬውን እንደያዘ፣ የበርበሬ ዳጣው ከንፈሩ ላይ እንዳለ ከቤት ወጣ።

"ምንድን ነው? ማን ነው የሞተው?"

"አንተ ነሃ!" አለችው አልጋነሽ፣ የጎረቤታችን ሚስት፣ እንባዋን ሳታቆም።

"እኔ? መቼ?"

"ዛሬ ጠዋት!"

"ታዲያ ምሳዬን ልጨርስ እንጂ!"

ሰው ሁሉ እያለቀሰ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፤ ይህንንም ልናዘዝልሽ። እንደ ዳንኩ ቆጠርኩት። ነገ ሱቄ ውስጥ እንዴት እንደማወራው ሁሉ በሐሳቤ ማዘጋጀት ጀምሬ ነበር።

ከዚያ ባጃጁ መጣ። ከአባላቱ አንዱ ሁምቦ ላለችው ለአንጁሎ ታላቅ እህት ለፈጠነች ደውሎላት ኖሯል። እህት ወንድሟን ልታለቅስ ስትደርስ መኪናው እስኪቆም እንደማትጠብቅ ታውቂያለሽ። ፈጠነችም አልጠበቀችም። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ፣ "ወንድሜ!" ብላ ከሚሄድ ባጃጅ ራሷን ወረወረች። ስትወድቅ የሰማሁት ድምፅ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። አንጁሎ ጎደሬውን ጥሎ "ፈጠነች፣ አለሁ! አለሁ!" እያለ ሮጠ። መሬት ላይ እንዳለች ቀና ብላ አየችው፣ ፈገግ አለች። ጩኸቷ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ዳሌዋ ተሰብሮ ነበር።

የእሁዱን ስብሰባ አንቺም ነበርሽበት፤ ግን ከእኔ ወንበር በኩል ምን ይመስል እንደነበር አታውቂም። የዕድሩ ሰብሳቢ አቶ ይድነቃቸው ስልኩን ከፍ አድርጎ፣ "ማን ነው የላከው?" አለ። እኔ ከማንም በፊት ተናገርኩ። "ስሙ ከሥሩ ተጽፏል እኮ" አልኩ። እውነት ነው፣ ተጽፎ ነበር። ውሸት ሳልናገር የዋሸሁት በዚህ ነው፤ ያን ዕለት በዚህ ብልጠቴ ትንሽ እንደ መኩራት እንኳን ብሎኝ ነበር፤ ይግረምሽ። ሁሉም ዞሮ አየሽ። አንቺ ደግሞ እኔን አየሽ። ጠበቅሽኝ። እኔ ጫማዬ ላይ ያለውን ጭቃ ስመለከት ቆየሁ። ቀና ስል ተነሥተሽ፣ "ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ይቅርታ" ስትይ ሰማሁ። ሐኪም ቤት ሄደሽ በፈጠነች አልጋ ሥር ስትንበረከኪ አብሬሽ ነበርኩ። ብርቱካን ይዤ ቆሜ ነበር።

አንጁሎ እንኳን በስብሰባው ላይ፣ "ልጅቷን ተዉአት፣ እኔ እንደሆንኩ አለሁ፤ ማን እንዳለቀሰልኝና ማን እንዳላለቀሰልኝም አይቻለሁ" ብሎ ሊያስቅልሽ ሞከረ። የሞተው ሰው ሲከራከርልሽ፣ አጎትሽ ዝም አለ።

የሆነውን ሁሉ ከአንቺ በላይ የሚያውቀው የለም። የቦዲቲ ነጋዴዎች "በሕይወት ያለ ሰው የምትገድል ልጅ ዋጋችንን ምን ታደርገዋለች" ብለው ተዉሽ። እናትሽ አሳየሽ በለቅሶ ቤት ጥግ መቀመጥ ጀመረች፤ "ይሄ ነገር እስኪረሳ ሶዶ አትምጪ" አለችሽ። ሐዋሳ ሄደሽ ፎቶ ኮፒ ቤት ገባሽ። እኔስ? እኔ "ለሁሉም አባላት" ከሚለው ሳጥን ላይ ምልክቱን አነሣሁና "አስተካክዬዋለሁ" አልኳቸው። አጨበጨቡልኝ፣ እየሩስ። አንድ ምልክት ስላጠፋሁ መቶ ሰማንያ አባወራ "ጌታነህ ባይኖር ምን ይውጠን ነበር" አለ። እኔም ጎንበስ ብዬ እጅ ነሣሁ።

ዝም ብዬ እኖር ነበር፤ ራሴን አውቀዋለሁ። ያላስኖረኝ ፈጠነች ናት። ከሁለት ሳምንት በፊት በዱላ እያነከሰች ሱቄ መጣች። ሬዲዮዋ ድምፁ ቀንሶባት ነው። ስጠግንላት በርጩማዬ ላይ ተቀምጣ፣ "ያቺ የእህትህ ልጅ ደህና ናት?" አለችኝ።

"ደህና ናት።"

"አትመጣም አሉ።"

"ሥራ ይዛ ነው።"

"ተው እንጂ፣ አፍራ ነው። እኔ ይቅር ብያታለሁ በላት። እየጸለይኩላትም ነው በላት። ልጅ ናት፣ ማን የማይሳሳት አለ? ትነግራታለህ አይደል?"

"እነግራታለሁ፣ እትዬ" አልኩ።

ሬዲዮዋን ይዛ እያነከሰች ስትሄድ በሩ ላይ ቆሜ አየኋት። ይቅርታውን ላንቺ እንዳደርስ ለእኔ ሰጥታኝ ሄደች። ምን ላድርገው? ላንቺ ብልከው ያላጠፋሽውን ይቅር ልልሽ ነው። ለራሴ ብወስደው ከአንቺ ሁለተኛ መስረቄ ነው። ሠላሳ ዓመት ሰው የሚያስቅ አፍ ይዤ፣ ያን ዕለት "ፈጠነች፣ ቆዪ" የሚል አንድ ቃል አልወጣኝም።

ስለዚህ እንዲህ አስቤያለሁ። ቅዳሜ ሁምቦ ወርጄ ለፈጠነች ራሴ እነግራታለሁ። እሁድ ከቸርች መልስ የዕድሩ ስብሰባ ላይ እናገራለሁ፤ አቶ ይድነቃቸውን ከሁሉ በፊት ዕድል እንዲሰጠኝ ጠይቄዋለሁ። ስለ አፑ ላስረዳ መስሎት "እንደ ልማድህ አስቀን" አለኝ። የፈለጉትን ይወስኑ፤ ከጸሐፊነት ያውጡኝ፣ አፑንም ያጥፉት። ሰኞ ቦዲቲ ሄጄ ነጋዴዎቹ ፊት እቆማለሁ። ሥራውን ይመልሱልሽ እንደሆነ አላውቅም፤ ይመልሳሉ ብዬም ቃል አልገባልሽም። ከዚህ በኋላ የማልጠብቀውን ቃል አልሰጥሽም።

ተመለሽ አልልሽም። ይቅር በይኝም አልልሽም፤ ብትጠይቂኝ ገና ነው እልሻለሁ። እንድታውቂ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ያን እሁድ ስትጠብቂኝ አይቼሻለሁ። አላየኝም እንዳትዪ።

ይህን ደብዳቤ ከአንቺ በፊት እናትሽ ታነበዋለች። አሁን ወስጄ እሰጣታለሁ። አጠገቧ ከተቀመጥኩ ማለስለስ ስለምጀምር ውጭ እቆማለሁ።

ባንቺ ስም የተደበቀው አጎትሽ፣
ጌታነህ

እየሩስ፣

አጎትሽ በሩ ላይ ቆሟል። ግባ አላልኩትም። የእሱን ጥፋት እሁድ ራሱ ይናገረው። እኔ ግን እናትሽ ሆኜ ስድስት ወር ሙሉ "አንቺ ነሽ ወይ?" ብዬ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅሁሽም። ሰው ምን ይለኛል ብዬ ነው የፈረድኩብሽ። ይህን ደብዳቤ ለመኪና ሰው አልሰጠውም፤ ነገ ራሴ ይዤልሽ እመጣለሁ። አንብበሽ እስክትጨርሺ ውጭ እጠብቃለሁ። ጨርሰሽ በሩን ባትከፍቺልኝም አልቆጣም።

እናትሽ አሳየሽ